የእርጎ ባክቴሪያና የነቀርሳ በሽታ

ወተት በንጹሕ ቅል ተቀምጦ ሲያድር ይረጋል። ደገኛው ቅሉን በወይራ ጭስ ያጥናል፤ ቆለኛው የግመሉን ወተት እንደ አገሩ ልማድ ያኮመጥጣል፤ የረጋውን የላም ወተት አማርኛ ተናጋሪው እርጎ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ርግኦ ይለዋል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ለብዙ ሺህ ዘመን የጠየቀ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1857 ዓ.ም. ወተትን የሚያኮመጥጠው ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሐዋሲ መሆኑን ገለጠ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ባክቴሪያ የተባሉት እነዚህ ረቂቃን ተሐዋስያን በወተቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ተመግበው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ወተቱን ያረጋዋል፤ ወተት የሚያበላሹትንም ሌሎች ተሐዋስያን ያርቃል።

እነዚህ የሌሊት ሠራተኞች ዛሬ ከቅል ወጥተው በመድኃኒት መደብር መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የንግድ ስማቸው ፕሮባዮቲክ ነው፤ ትርጓሜውም «ለሕይወት የሚበጅ» እንደ ማለት ነው። በብልቃጥ፣ በዱቄትና በእንክብል እየሆኑ በሣጥን ታሽገው ባሕር ይሻገራሉ። ከሻጮቹም መካከል ለሆድ ሕመም ብቻ ሳይሆን ለነቀርሳም ይረዳሉ እያሉ የሚያውጁ አልጠፉም። ይህ ቃል እንደ ሌላው የገበያ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነቀርሳ የያዘው ሰው ዘመዶቹ ከብታቸውን ሸጠው፣ የሚስቱን ጌጥ አስይዘው መድኃኒት የሚፈልጉለት ሰው ነውና። ገንዘቡ ቢባክን አንድ ጕዳት ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ግን በሽተኛው ብልቃጡን ይዞ ቤቱ ሲቀመጥ፣ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችል የነበረው እጢ ሥር መስደዱ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተረት ነው ብሎ መናቅም ትክክል አይሆንም። ከወተት የተገኘ አንድ ባክቴሪያ በዓለም ሆስፒታሎች የነቀርሳ መድኃኒት ሆኖ ከተፈቀደ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታልና። ያ ባክቴሪያ ግን የእርጎው አይደለም። ታሪኩ ከኋላ ይመጣል።

የእርጎው ዝና የሚጀምረው ኤልያ ሜችኒኮፍ ከተባለው ሩስያዊ ሊቅ ነው። ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. በካርኮቭ አውራጃ ተወለደ። በ1882 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ ገና ያላደገ የባሕር ኮከብ የተባለውን ፍጥረት በመነጽር ይመረምር ነበር። የዚህ ፍጥረት ገላ እንደ ብርጭቆ የጠራ ስለ ሆነ በውስጡ የሚሆነው ሁሉ ይታያል። ሊቁ ከጽጌረዳ ላይ እሾኽ ቀንጥሶ ወደ ገላው አስገባ፤ በማግሥቱም ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾኹን ከብበውት አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ በሰውም ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት የሚገባውን ጠላት ከብበው የሚውጡ ዘበኞች ናቸው ብሎ አስተማረ። ብዙዎች ተቃወሙት፤ እርሱም ትምህርቱን ሳይለቅ ኖሮ በ1908 ዓ.ም. ከጀርመናዊው ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ይኸው ሰው ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ ነበር። በሸመገለ ጊዜ ሁለተኛ ሐሳብ አደረበት፤ ይኸውም እርጅናን የሚያፋጥነው በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ የሚያበሰብሱ ተሐዋስያን የሚያወጡት መርዝ ነው የሚል ነው። የቡልጋርያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው ረጅም መሆኑን ሰማ፤ ምግባቸውም ኮምጣጣ ወተት መሆኑን አስተዋለ። በዚያን ጊዜ ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ወጣት የቡልጋርያ ተወላጅ በስዊስ አገር በጄኔቫ ሕክምና ይማር ነበር፤ እርሱም በ1905 ዓ.ም. ከአገሩ እርጎ ውስጥ ወተቱን የሚያረጋውን በትር መሳይ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ባክቴሪያውም በአገሩ ስም ቡልጋሪኩስ ተባለ። ሜችኒኮፍ በ1907 ዓ.ም. ስለ ዕድሜ መርዘም መጽሐፍ ሲያሳትም የኤውሮፓ ባለጠጋ ሁሉ እርጎ ፈላጊ ሆነ፤ መድኃኒት ቤቶችም የረጋውን ባክቴሪያ በእንክብል ለመሸጥ አልዘገዩም። እንግዲህ የፕሮባዮቲክ ንግድ የአሁን ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለንግዱ የሚመች አልነበረም። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሬትገር የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሲመረምር የቡልጋርያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ተቀምጦ የማይራባ መሆኑን አገኘ። እንግዳ ነው፤ ገብቶ ያልፋል እንጂ አይከርምም። ሜችኒኮፍም ራሱ በየቀኑ ኮምጣጣ ወተት ሲጠጣ ኖሮ በ1916 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ለዚያ ዘመን አጭር ዕድሜ ባይባልም መቶ ዓመት ለጠበቁት ደቀ መዛሙርቱ ግን ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሊቁ ስለ ዘበኞቹ ሕዋሳት ያስተማረውና ስለ እርጎ ያስተማረው ሁለት የማይገናኙ ትምህርቶች ይመስሉ ነበር፤ በነቀርሳ ጕዳይ ግን ሁለቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተገናኝተዋል።

የእርጎ ባክቴሪያ በነቀርሳ ላይ ኃይል ሊኖረው ይችላል የሚለው ነገር ጐልቶ የተሰማው ከዚያው ከቡልጋርያ ነው። ኢቫን ቦግዳኖቭ የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ የዚህን ባክቴሪያ ግድግዳ ሰብረው ባወጡት ንጥረ ነገር ነቀርሳ የተተከለባቸውን አይጦች ሲያክሙ እጢው ቀነሰ፤ ይህንንም በ1962 ዓ.ም. በሞስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ የነቀርሳ ጉባኤ ላይ አስታወቁ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ንጥረ ነገሩ አሠራር በምዕራብ ኤውሮፓ በሚወጣ የሳይንስ መጽሔት ጻፉ። በአይጥ ላይ የሠራ መድኃኒት ሁሉ በሰው ላይ ቢሠራ ኖሮ ነቀርሳ ዛሬ ከምድር በጠፋ ነበር። የሆነ ሆኖ በር ተከፈተ።

በሰው ላይ የተደረገው የተሻለ ፈተና የመጣው ከጃፓን ነው። ሚኖሩ ሺሮታ የተባለ ሐኪም በ1930 ዓ.ም. በኪዮቶ በሆድ ውስጥ አሲድና ሐሞት የማይገድለውን የወተት ባክቴሪያ መርጦ አራባ፤ በ1935 ዓ.ም.ም በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። ከስድሳ ዓመት በኋላ የጃፓን ሐኪሞች ይህንኑ ዘር በዱቄት አድርገው የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ላለባቸው ሰዎች ሰጡ። ይህ ዓይነቱ ነቀርሳ በፊኛው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ትንሽ እንጕዳይ ይበቅላል፤ ሐኪሙ ይጠርገዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተመልሶ ይበቅላል። በ1995 ዓ.ም. በታተመው ፈተና 138 በሽተኞች በሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን የባክቴሪያው ዱቄት፣ ለሁለተኛው ወገን መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ዱቄት ተሰጠ፤ የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቁም ነበር። ባክቴሪያውን በወሰዱት ዘንድ የነቀርሳው መመለስ ቀነሰ፤ በብዙ ቦታ ደጋግሞ በበቀለባቸው ላይ ግን ጥቅም አልታየም። በ2008 ዓ.ም. ሌሎች የጃፓን ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በፊኛ ውስጥ ከሚጨመር መድኃኒት ጋር ይህንኑ ዘር በአፍ ሰጥተው 202 ሰዎችን ተከታተሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ነቀርሳው ያልተመለሰባቸው ባክቴሪያውን ከወሰዱት ከመቶው 75 ያህል፣ ካልወሰዱት ከመቶው 60 ያህል ሆነው ተገኙ።

ሌላው ፈተና የትልቁ አንጀት ነው። በ2005 ዓ.ም. በታተመው ሥራ ከዚህ በፊት ከአንጀታቸው እጢ የወጣላቸው 398 ሰዎች በአራት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን የስንዴ ፉርሽካ፣ አንዱ የባክቴሪያውን ዱቄት፣ አንዱ ሁለቱንም ተቀበለ፤ አራተኛው አንዱንም አልተቀበለም። ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ የበቀለው እጢ ቍጥር በየወገኑ ያን ያህል አልተለያየም። ነገር ግን ወደ ነቀርሳ ለመለወጥ ያዘነበለው ክፉ ዓይነት እጢ ባክቴሪያውን በወሰዱት ዘንድ አነስ ብሎ ታየ። ነጋዴ ይህን ሲያነብ «አነሰ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ሐኪም ግን ፊተኛውን ዓረፍተ ነገርም ያነብባል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ መድረስ ይቻላል። በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ቃል አስተርጓሚን ሁሉ ያስቸግራል። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ሳል የሚያበዛው፣ ደም የሚያስተፋው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ ነው። ነቀርሳ ብቻ ሲባል ግን ፈረንጆች ካንሰር የሚሉት፣ የገዛ ሥጋችን ሕዋሳት ልጓም በጥሰው ያለ ልክ የሚራቡበት፣ የማይተላለፈው በሽታ ነው። ሁለቱ በምክንያትም በሕክምናም አይገናኙም። ሆኖም አንድ ስም የሰጣቸው ያገራችን ሰው ሳያውቀው ከአንድ እንግዳ ነገር ጋር ተገጣጥሟል፤ የአንደኛው ነቀርሳ ተሐዋሲ ተገርቶ የሁለተኛው ነቀርሳ መድኃኒት ሆኗልና።

ይህም እንዲህ ነው። ኖካር የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ጡቷ በሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ከታመመ ላም ወተት የከብቱን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ለየ። ይህን ባክቴሪያ ሐኪሙ አልቤር ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚል ጌሬን በሊል ከተማ ተቀብለው፣ በበሬ ሐሞትና በግሊሰሪን በተዘጋጀ ድንች ላይ ያራቡት ጀመር። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ከአሮጌው ድንች ወደ አዲሱ ያሸጋግሩታል። ከ1908 እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሊል በጀርመን ጦር በተያዘችበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡ፣ 230 ጊዜ አሸጋገሩት። በመጨረሻም ባክቴሪያው ክፋቱን ረስቶ ሕያው ሆኖ ቀረ። በ1921 ዓ.ም. በፓሪስ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ለሞተችበት ሕፃን በአፉ ተሰጠው። ይህ በሁለቱ ሰዎች ስም ቤ.ሴ.ዤ. የተባለው ክትባት ነው፤ በአገራችንም ሕፃን ሲወለድ በክንዱ ላይ ይከተባል፤ በብዙ ሰው ክንድ ላይ የሚታየው ትንሽ ክብ ጠባሳም የእርሱ ምልክት ነው። ታሪኩ ሁሉ ብሩህ አይደለም። በ1930 ዓ.ም. በጀርመን በሉቤክ ከተማ ክትባቱ በሚዘጋጅበት ላቦራቶሪ ያልተገራው ባክቴሪያ ስለ ተቀላቀለበት ከሰባ በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ሕያው ተሐዋሲን መድኃኒት ብሎ የሚያዘጋጅና የሚፈቅድ ሰው ይህን አይረሳም።

ከነቀርሳ ጋር ያገናኘው ደግሞ አንድ ስሕተት ነው። በ1929 ዓ.ም. ሬይመንድ ፐርል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በባልቲሞር በሆስፒታል የሞቱ ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ በነበረባቸው ዘንድ ካንሰሩ አነስ ብሎ አገኘ። በኋላ የመጡት የስታቲስቲክ ሊቃውንት የአቈጣጠሩ መንገድ የተጣመመ እንደ ነበረ አሳይተዋል። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1959 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሎይድ ኦልድና ባልደረቦቹ በቤ.ሴ.ዤ. የተከተቡ አይጦች የተተከለባቸውን ነቀርሳ እንደሚቋቋሙ አሳዩ። በ1976 ዓ.ም. በካናዳ በኪንግስተን ከተማ ዶክቶር አልቫሮ ሞራሌስና ጓደኞቹ ይህን ክትባት በቀጥታ በሽንት ፊኛ ውስጥ ያስገቡላቸው ዘጠኝ በሽተኞች እንደ ተሻላቸው ጻፉ። ዘጠኝ ሰው ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ትላልቅ ፈተናዎች ተከታተሉ፤ በ1990 ዓ.ም.ም የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ በሽታ መድኃኒት ይሁን ብሎ ፈቀደ።

አሰጣጡ ቀላል ነው፤ ደስ የሚል ግን አይደለም። ሐኪሙ እጢውን ከጠረገና ቍስሉ ከደረቀ በኋላ በቀጭን የጎማ ቧንቧ ባክቴሪያው የተበጠበጠበትን ውሃ ወደ ፊኛው ያስገባል። በሽተኛው ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቆያል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ይደጋገማል፤ ከዚያም እንደ በሽታው ክብደት ለወራት ወይም ለዓመታት አልፎ አልፎ ይቀጥላል። ያቃጥላል፤ ያተኵሳል፤ በጥቂቶች ላይ ባክቴሪያው ወደ ደም ገብቶ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ነገር ግን በፊኛው ገጽ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚገኘውን አደገኛ ዓይነት ነቀርሳ ከአሥር በሽተኞች በሰባቱ ያህል ያጠፋዋል፤ ፊኛቸው በቀዶ ሊወጣ የነበረ ብዙ ሰዎችም ፊኛቸውን ይዘው ኖረዋል።

ነቀርሳውን የሚገድለው ታዲያ ባክቴሪያው ነውን? አይደለም። የነቀርሳ ሕዋስ ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን ከገዛ ሥጋችን የተወለደ ነው፤ ስለዚህ ዘበኞቹ ነጭ ሕዋሳት የቤት ልጅ መስሏቸው ያልፉታል። ባክቴሪያው በፊኛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግን ጩኸት ይሆናል። ዘበኞቹ በብዛት ይጎርፋሉ፤ በመጡም ጊዜ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ተሸሽጎ የነበረውን የነቀርሳ ሕዋስ ጭምር አግኝተው ይመቱታል። ሜችኒኮፍ በመሲና ያየው የእሾኹ ነገር ይኸው ነው። ከወተት የተገኘ ተሐዋሲ ነቀርሳን የሚረዳ ቢሆን በምግብነቱ ሳይሆን በቀስቃሽነቱ ነው ማለት ነው። የጃፓኖቹም ባክቴሪያ በፊኛ ላይ ያሳየው ጥቅም፣ በእርግጥ ከጸና፣ ሊተረጐም የሚችለው በዚሁ መንገድ ይመስላል፤ በአፍ የገባ ነገር ከአንጀት ግድግዳ ሆኖ ዘበኞቹን ያነቃቃ እንደ ሆነ ነው እንጂ ባክቴሪያው ራሱ ፊኛ ድረስ አይደርስም።

ከዚህ ታሪክ ማንም ሰው የታመመች ላም ወተት ይጠቅማል የሚል ትርጕም እንዳያወጣ ያስፈልጋል። ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት የከብትን የሳንባ ነቀርሳ፣ ደግሞም ብሩሴላ የተባለውን በትኵሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየውን በሽታ ወደ ሰው ያስተላልፋል። መርጋቱም እነዚህን ሁሉ ለመግደል ዋስትና አይሆንም። ወተቱን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ከትናንቱ እርጎ እርሾ ጨምሮ ማርጋት ግን ይቻላል፤ እርጎነቱም አይጐድልም።

በየቀኑ ስለሚበላው እርጎስ ምን ይባላል? በ1984 ዓ.ም. ጎልዲንና ጎርባክ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ለጤነኞች የወተት ባክቴሪያ ሲመግቡ፣ በአንጀት ውስጥ ነቀርሳ አምጪ ነገሮችን የሚያነቃቁት አንዳንድ ኢንዛይሞች ቀነሱ፤ ምግቡ ሲቋረጥ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። የሬትገር እንግዳ መጥቶ ሄደ። በኢጣልያ ደግሞ ከ45,000 የሚበልጡ ወንዶችና ሴቶች ምግባቸው ተመዝግቦ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲጠበቁ፣ እርጎ አብዝተው በሚበሉት ዘንድ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ አነስ ብሎ መገኘቱ በ2011 ዓ.ም. ታተመ። እርጎ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ አትክልትም የሚወድ፣ ሲጋራም የሚያሳንስ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ ብቻ ፍርድ አይሰጥም። የዓለም የነቀርሳ ምርምር ፈንድ የተባለው ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ማስረጃውን ሁሉ መዝኖ፣ ወተትና የወተት ውጤት ከትልቁ አንጀት ነቀርሳ ሳይጠብቅ አይቀርም ብሏል፤ ምክንያቱን ግን በብዛት የሰጠው በወተት ውስጥ ላለው ካልስየም ነው እንጂ ለባክቴሪያው አይደለም። እንግዲህ በዚህ ረገድ የአንድ ብርጭቆ እርጎ ጥቅም ከአንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ጥቅም ብዙም አይርቅም።

በሕክምና ላይ ላለ በሽተኛ ነገሩ ይለያል። በኢጣልያ የሆድና የዳሌ አካባቢ ነቀርሳቸው በጨረር ይታከም ለነበረ 490 ሰዎች ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ዱቄት ወይም ባዶ ዱቄት ተሰጥቶ ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. ሲታተም፣ ከጨረሩ የተነሣ ተቅማጥ የያዛቸው ባክቴሪያውን ከወሰዱት ከመቶው 32 ያህል፣ ካልወሰዱት ከመቶው 52 ያህል ነበሩ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የተረዳው ተቅማጡ እንጂ ነቀርሳው አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ የደማቸው ነጭ ሕዋስ በመድኃኒት ኃይል እጅግ በቀነሰ ሰዎች ላይ የእርጎ ባክቴሪያ ዓይነቶች ወደ ደም ገብተው ሕመም ያመጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለጤነኛ የማይጎዳው ለበሽተኛ ሊጎዳ ይችላልና ሐኪሙ ሳይጠየቅ መስጠት አይገባም።

ከሁሉ ያስገረመው የ2021 ዓ.ም. ወሬ ነው። የዘበኞቹን ሕዋሳት ልጓም የሚፈታው አዲሱ የነቀርሳ መድኃኒት ለፈጣሪዎቹ ለጄምስ አሊሰንና ለታሱኩ ሆንጆ በ2018 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አስገኝቷል። ይህ መድኃኒት በአንዱ በሽተኛ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ የማይሠራው ከፊሉ በአንጀት ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች ልዩነት ምክንያት መሆኑ በዚያው ዓመት ታውቆ ነበር። በዚህም የተነሣ ብዙ በሽተኞች ፕሮባዮቲክ ገዝተው ይወስዱ ጀመር። የሂውስተን ሐኪሞች የቆዳ ነቀርሳ የያዛቸውን ሰዎች ሲመረምሩ ግን ፕሮባዮቲኩን የወሰዱት ካልወሰዱት አልተሻሉም፤ በአይጦች ላይ ሲፈተንም ባክቴሪያው የመድኃኒቱን ኃይል ቀነሰው። የተሻሉት አሠር የበዛበት ምግብ፣ ማለትም ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተነፋ እህል የሚበሉት ነበሩ። ሽሮና ቆሎ በማስታወቂያ ስለማይሸጡ የሚያወራላቸው የለም።

ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚሆነው ነገር ደግሞ ይህ ነው። የኤውሮፓ ኅብረት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በምግብ ዕቃ ላይ የሚጻፍ የጤና ቃል ሁሉ አስቀድሞ በሊቃውንት እንዲመረመር አዘዘ፤ ስለ ፕሮባዮቲክ ከቀረቡት ጥያቄዎችም እጅግ የሚበዙት ማስረጃቸው አልበቃም ተብለው ተመለሱ። በአሜሪካ በ2010 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የእርጎ ኩባንያ ከማስረጃው በላይ አስተዋውቋል ተብሎ ሲከሰስ ለ39 ክፍለ ግዛቶች 21 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ያም ስለ ሆድ ድርቀትና ስለ ጕንፋን እንጂ ስለ ነቀርሳ እንኳ አልነበረም። በ2018 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ነቀርሳን ይፈውሳል እያለ ከሰው ደም የተሠራ ያልተፈቀደ መድኃኒት ይሸጥ የነበረ ሰው በ15 ወር እስራት ተቀጣ። ከዕቃው አያያዝ በኩልም ችግር አለ። ባክቴሪያው ሕያው ሆኖ ካልደረሰ ገዢው የከፈለው ለሬሳ ነው፤ ሙቀትም ይገድለዋል። በወደብ መጋዘን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳምንት የሰነበተ ሣጥን በላዩ የተጻፈው ቍጥር በውስጡ አለ ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ አስመጪው የባክቴሪያው ዘር በሙሉ ስሙ መጻፉን፣ ሕያው የሚሆንበት የመጨረሻ ቀንና መቀመጥ ያለበት ሙቀት መመልከቱን ሳያይ ገንዘቡን ባያወጣ፣ ፈቃድ ሰጪውም ነቀርሳ የሚል ቃል በምግብ ዕቃ ላይ ሲያይ ወረቀቱን ባይፈርም ይሻላል።

እውነተኛው መድኃኒት ግን በገበያ ላይ ዕድሉ አልቀናም። ቤ.ሴ.ዤ. ቀስ ብሎ የሚራባ ባክቴሪያ ነው፤ አንዱን ማዘጋጃ ለማድረስ ወራት ይፈጃል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ስለ ሆነ አትራፊ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከሚያመርቱት ፋብሪካዎች አንዱ በጎርፍ ተመታ፤ በ2017 ዓ.ም. ባለቤቱ ኩባንያ ለፊኛ ነቀርሳ የሚሆነውን ማምረት ፈጽሞ ተወ፤ በአሜሪካም የሚያቀርብ አንድ ኩባንያ ብቻ ቀረ። ሐኪሞች ለአንድ ሰው የሚሆነውን ብልቃጥ ለሦስት ሰው እየከፈሉ፣ ለማን ይሰጥ ለማንስ ይቅር እያሉ ይማከሩ ጀመር። በዚያው ዓመት የፕሮባዮቲክ ብልቃጥ በየመደብሩ እንደ ልብ ይገኝ ነበር።